ለወረቀት ሳምንት፦ ከርዕስ በፊት ጥያቄ

የልብ ወለዱም፣ የሥነ ግጥሙም፣ የሂሱም ወረቀት ዓርብ ላይ እንደተደራረበባችሁ አውቃለሁ። በውስጥ መስመር ከጻፋችሁልኝ አብዛኞቻችሁ «ከየት ልጀምር?» ብላችኋል። ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ።

ከመጽሐፉ ጀምሩ። መጽሐፉን ገልጣችሁ፣ እርሳስ ይዛችሁ፣ ልባችሁ የቆመበትን ቦታ ፈልጉ። መግቢያ መጻፍ ይቆይ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» የደረሳችሁ ብዙዎቻችሁ የመረጣችሁት «የመደብ ልዩነት» የሚለውን ነው። ይህ ርዕስ ነው፤ ጥያቄ ግን ገና አልሆነም። ርዕስ ብቻ ይዞ የተቀመጠ ተማሪ ታሪኩን ከማንኩሳ ተነሥቶ ሲተርክ የተፈቀደለት ገጽ ያልቅበታል። ታሪኩን እኔም አንብቤዋለሁ፤ የምፈልገው እናንተ ያያችሁትን ነው። እስቲ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ በዛብህን ከሰብለ ወንጌል የሚለየው የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ብቻ ነው? እሱ ሳይጠየቅ ወላጆቹ የተሳሉት ስለትስ? ከፊታውራሪው ጋር ገና ሳይተዋወቅ አንድ አጥር በውስጡ ተተክሏል ማለት ነው። አሁን ሥራችሁ ተለየ። ስለቱ የሚነሣባቸውን ሁለት ሦስት ቦታዎች ታወጣላችሁ። የሚናገረው ተራኪው ነው ወይስ በዛብህ ለራሱ? ቃላቱ የፍርሃት ናቸው የእምነት? ጉዱ ካሣ ወግና ልማዱን ሲነቅፍ ነቀፋው ስለቱ ድረስ ይደርሳል ወይስ መኳንንቱ ላይ ያበቃል? ይህን የሚመልስ አራት ገጽ፣ ስለ መደብ በጅምላ ከሚያወራ አሥር ገጽ ይልቅ ለእኔ ይበልጥብኛል።

«ኦሮማይ»ን የያዛችሁ ሌላ ፈተና አለባችሁ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ታገደ፤ በዓሉ ግርማም በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። የሚያሳዝንና መታወቅ ያለበት ታሪክ ነው። ነገር ግን የወረቀቱን ግማሽ እሱ ከወሰደው ልብ ወለዱ ሳይነበብ ይቀራል። ለደራሲው ዕጣ አንድ አንቀጽ ስጡትና ወደ ተራኪው ወደ ፀጋዬ ኃይለማርያም ተመለሱ። ታሪኩን በአንደኛ መደብ የሚነግረን ለመንግሥት ዘመቻ የሚሠራ ጋዜጠኛ ነው፤ አሥመራ የሄደው ለቅስቀሳ ሥራ ነው። ታዲያ መቼ እንደ መንግሥት ሰው፣ መቼ እንደ ፊያሜታ ወዳጅ ይናገራል? ድምፁ የሚቀየርበትን ገጽ ያገኘ ሰው ወረቀቱን አገኘ።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ የግጥሙን አስቀድሙ። ግጥም አጭር ነው፤ በአንድ ምሽት ደጋግማችሁ፣ ጮክ ብላችሁም ልታነቡት ትችላላችሁ፤ ማክሰኞ ረቂቁ ካለቀ ለሌላው ልብ ታገኛላችሁ። ልብ ወለዱን ያልጨረሳችሁ ካላችሁ ግን ዛሬና ነገ ምንም አትጻፉ፤ አንብቡ። ስለ መጽሐፉ የተጻፈ ብቻ አንብባችሁ ስለ መጽሐፉ እንዳትጽፉ እለምናችኋለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ የራሳችሁን ድምፅ ፈልጌ ሳጣ በጣም አዝናለሁ።

የዘሪሁን አስፋውን «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን»ና የብርሃኑ ገበየሁን «የአማርኛ ሥነ ግጥም» ተጠቀሙ፤ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ብያኔ አትገልብጡ። ብያኔው የሚጠቅመው ከያዛችሁት አንቀጽ ጋር ሲገናኝ ነው። ቤተ መጻሕፍት ያለው ቅጂ ጥቂት ስለሆነ ተራ እየያዛችሁ አንብቡ፤ የምትፈልጓቸውን ገጾች ፎቶ አንሥታችሁ ተላላኩ። የገጽ ቁጥር ከኅትመት ኅትመት ይለያያልና የያዛችሁት ቅጂ የታተመበትን ዓመት ዋቢው ላይ መጻፍ እንዳትረሱ።

ስለ ቻትጂፒቲ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ከአማርኛ ልብ ወለድ የሌለ ንግግር ፈጥሮ፣ የገጽ ቁጥር ሰጥቶ ሊያቀርብላችሁ ይችላል። መጽሐፉ ላይ በዓይናችሁ ያላያችሁትን ጥቅስ አታስገቡ።

መግቢያውን መጨረሻ ላይ ጻፉት፤ ምን እንዳላችሁ የምታውቁት ያን ጊዜ ነው። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ረቂቁን በየማታው ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት። ኅትመቱንም ዓርብ ጠዋት አትጠብቁት፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በዚያ ቀን ሰልፍ ነው።

የታመመ ወይም ቤቱ ችግር ያለበት ካለ ከማስረከቢያው ቀን በፊት ይንገረኝ፤ እንነጋገራለን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮ አለሁ። ረቂቅ ባይኖራችሁም ኑ፤ ጥያቄያችሁንና ምልክት ያደረጋችሁበትን መጽሐፍ ብቻ ያዙ።