የምርጫ ሰሞንና የቤተ ክርስቲያን በር



የምርጫ ዘመቻ በተጋጋለ ቁጥር በየማኅበረ ምእመናኑና በየፕሮጀክቱ ጣቢያ አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ክርስቲያን በፖለቲካ ወገን መያዝ ይገባዋልን?» የሚል ነው። መልሱ አያስቸግርም። ክርስቲያን ዜጋ ነው፤ ያመነበትን ይመርጣል። የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ምርጫው አልፎ ጠብ ቢነሣ፣ ያሸነፈውም የተሸነፈውም ሸሽቶ የሚገባበት በር የትኛው ነው? የቤተ ክርስቲያን በር በዚያ ቀን ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንዲገኝ ከተፈለገ፣ ሥራው የሚጀመረው በዘመቻው ወራት ነው። ይህን ከጎረቤታችን ከኬንያ ታሪክ እንማራለን። ቀኖቹን በእኛ አቈጣጠር እናስቀምጣለን።

በኬንያ የሆነው

ታኅሣሥ 17 ቀን 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 2007) ኬንያውያን ፕሬዚዳንታቸውን ለመምረጥ ወጡ። ዋናዎቹ ተወዳዳሪዎች በሥልጣን ላይ የነበሩት ምዋይ ኪባኪና የተቃዋሚው ወገን መሪ ራይላ ኦዲንጋ ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ኪባኪ 230,000 በሚያህል ድምፅ ማሸነፋቸው ተነገረ፤ በዚያው ምሽትም ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ያን ጊዜ አገሩ ነደደ። ጉዳዩን በኋላ የመረመረው ኮሚሽን፣ ቈጠራው እጅግ ከመበላሸቱ የተነሣ እውነተኛው አሸናፊ ማን እንደ ሆነ ማወቅ እንደማይቻል ገልጿል።

በሁለት ወር ውስጥ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ተፈናቀሉ። ታኅሣሥ 22 ቀን በኤልዶሬት ከተማ አጠገብ፣ ኪያምባ በተባለ ስፍራ፣ በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጠለሉ የኪኩዩ ተወላጆች ቤቱ በላያቸው ተቃጠለ። 30 ያህል ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በጥር ወር ደግሞ በናይቫሻ ከተማ ብድር እንመልሳለን ያሉ ወጣቶች 19 ሰዎችን በአንድ ቤት ውስጥ አቃጠሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሉዎ ተወላጆች ነበሩ። እንግዲህ የሁለቱም ወገን እናት አልቅሳለች።

እሳቱ ከየት መጣ?

ይህ እሳት በአንድ ሌሊት አልተጫረም። ቅኝ ገዥዎች በስምጥ ሸለቆ የወሰዱት መሬት ከነጻነት በኋላ ለማን ይገባል የሚለው ክርክር ሳይፈታ ኖሯል። በ1985ና በ1990 ዓ.ም. በተደረጉት ምርጫዎች ሰሞንም በዚያው አካባቢ ሰው ተገድሏል፣ ቤት ተቃጥሏል፤ ለፍርድ የቀረበው ግን ጥቂት ነው። ያሸነፈ ሁሉን ይወስዳል፣ የተሸነፈ ባዶ እጁን ይቀራል የሚለው ፍርሃትም ምርጫውን የሞት ሽረት ጉዳይ አደረገው።

በዚህ ላይ ክፉ ቃል ተጨመረ። ከሌላ አካባቢ መጥተው በስምጥ ሸለቆ የሰፈሩ ሰዎች በስዋሂሊ ቋንቋ «ማዶአዶአ» ተባሉ። ነጠብጣብ ወይም እድፍ ማለት ነው። ጎረቤት እድፍ ከተባለ፣ እድፍ ደግሞ የሚታጠብ ነገር ነውና፣ እርሱን ማስወገድ ማጽዳት መስሎ ይታያል። በአንዳንድ የሬዲዮ ጣቢያዎችና በስልክ የጽሑፍ መልእክት እንዲህ ያለው ንግግር ተሰራጨ። ዛሬ በእያንዳንዳችን እጅ ያለው ስልክ ከዚያን ጊዜው ይልቅ ፈጣን ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ 3ኛ ምዕራፍ ምላስን ጫካ ከሚያነድ ትንሽ እሳት ጋር ማመሳሰሉን እናስብ።

ቤተ ክርስቲያን የት ነበረች?

ከኬንያ ሕዝብ አብዛኛው ክርስቲያን ነው። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን መሪዎች አስቀድመው ተከፋፍለው ነበር። በኅዳር 1998 ዓ.ም. ስለ ሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ የድጋፉ ምልክት ሙዝ፣ የተቃውሞው ምልክት ብርቱካን ነበረ፤ ክርክሩም እስከ መስበኪያው ድረስ ገባ። በ2000 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ ብዙዎቹ መሪዎች ለትውልድ አካባቢያቸው ሰው አደሉ። ስለዚህ እሳቱ በተነሣ ጊዜ «ተዉ!» ቢሉም የሚሰማቸው አነሰ። ድርድሩን የመሩት ከውጭ የመጡት ኮፊ አናንና ባልደረቦቻቸው ነበሩ፤ ስምምነቱም የካቲት 20 ቀን ተፈረመ። የኬንያ አብያተ ክርስቲያናት ብሔራዊ ምክር ቤት በዚያው ዓመት፣ መሪዎቹ ወገንተኞች በመሆናቸው ድርሻቸውን እንዳልተወጡ በይፋ ተናዞ ይቅርታ ጠየቀ።

በር የከፈቱም ነበሩ። በኤልዶሬት በካቶሊክ ካቴድራል ግቢ ብዙ ሺህ ተፈናቃዮች ተጠልለዋል። ትምህርቱም ከንቱ አልቀረም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከምርጫው አንድ ዓመት ያህል አስቀድመው፣ የኬንያ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ ጃክሰን ኦሌ ሳፒት ፖለቲከኞች በአምልኮ ጊዜ ከመስበኪያው ላይ እንዳይናገሩ ከለከሉ። መጥተው እንደ ማንኛውም ምእመን ማምለክ ግን ይችላሉ።

የራሴን ጥፋት ልናገር

ስለ ሌላው አገር ይህን ያህል ካልሁ የራሴን መደበቅ አይገባኝም። በአንድ የምርጫ ሰሞን እሑድ ጠዋት ጸሎት እንድመራ ታዘዝሁ። ስም ባልጠራም፣ ሁሉም በሚያውቀው አነጋገር ለአንደኛው ወገን ድል ጸለይሁ። የጉባኤው «አሜን» ደስ አሰኘኝ። ስንወጣ አንዲት እናት በር ላይ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ የእኔ ልጅ ከዚያኛው ወገን ነው። ዛሬ ለእርሱ ማን ጸለየለት?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት እህል ስናከፋፍል እኒያ እናት አልመጡም። ስማቸው መዝገቡ ላይ ነበረ። ቤታቸው ሄጄ፣ «እማማ፣ ምነው ቀሩ?» ብላቸው፣ «እህሉ የእናንተ ወገን ነው ብዬ ነው» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ይቅርታውን ወዲያው ሰጡኝ፤ ወደ ሰልፉ ለመመለስ ግን ሦስት ወር ፈጀባቸው። ያ ሁሉ ጊዜ ቤታቸው በቂ እህል አልነበረም። የአንድ ጸሎት ወገንተኛነት የሰው ማዕድ እንደሚያጎድል ያን ጊዜ ተማርሁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ. መስበኪያው ለተወዳዳሪ አይሰጥ። ተወዳዳሪ ሲመጣ እንደ ምእመን ይቀመጥ። ከዘመቻ ጋር የሚመጣ ስጦታም በሽማግሌዎች ይመርመር።

2ኛ. በጉባኤ ጸሎት የሁሉም ወገን ይታሰብ። ለድል ሳይሆን ለፍትሕ፣ ለእውነትና ለሰላም እንጸልይ።

3ኛ. የፕሮጀክት ሠራተኞች በሥራ ላይ የፓርቲ ካናቴራና ኮፍያ አይልበሱ። የፕሮጀክቱ መኪና የቅስቀሳ ሰዎችን አያመላልስ፤ መጋዘኑም ለፓርቲ ስብሰባ አይከፈት። የማከፋፈያ ቀን ከቅስቀሳ ቀን ጋር አይግጠም። የተረጂዎች መዝገብ በችግር መጠን ብቻ ይዘጋጅ፤ ሕዝቡ ባለበትም ይነበብ።

4ኛ. ወሬ ሲመጣ «ማን አየ? የት? መቼ?» ሳንል አናስተላልፍ። ያላረጋገጥነው ወሬ በእኛ እጅ ይቁም።

5ኛ. ከልዩ ልዩ ወገን የሆኑ የታመኑ ሽማግሌዎች ከወዲሁ ይመረጡ፤ እርስ በርሳቸውም ይተዋወቁ። ጠብ ከተነሣ በኋላ የሚፈለግ አስታራቂ ዘግይቷል።

ይህ ሁሉ ግፍን አይቶ ዝም ማለት አይደለም። ግፍ ሲፈጸም፣ የፈጸመው የማንም ወገን ቢሆን፣ ግፍ ነው ማለት ይገባናል። ቃላችን የሚሰማው ግን በሁለቱም ዘንድ የታመንን ስንሆን ነው።

ጌታችን ከአሥራ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት መካከል ቀረጥ ይሰበስብ የነበረውን ማቴዎስንና ቀናተኛ የተባለውን ስምዖንን በአንድ ማዕድ አስቀምጦአል (ማቴ. 10፤ ሉቃ. 6)። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች አብረው ይበላሉ ብሎ የሚያስብ አልነበረም። እኛም በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት በአገራችን የፈሰሰውን ደም የምናስታውስ ነን። ስለዚህ በሚመጣው ዘመቻ ሁሉ ያ ማዕድ በየማኅበራችን ሳይታጠፍ ይቈይ ዘንድ በጸሎትና በሥራ እንትጋ። ጌታ ቤተ ክርስቲያኑን ለተጨነቀ ሁሉ የተከፈተች በር ያድርግልን። አሜን።