በውጭ ሀገር የፊዚዮቴራፒ ነፃ የትምህርት ዕድል ለሚያመለክቱ ዜጎች የተሰጠ ማብራሪያ

ፊዚዮቴራፒ በጉዳት፣ በሕመም ወይም በዕድሜ መግፋት የተዳከመ የሰውነት እንቅስቃሴ በልምምድ፣ በእጅ በሚሰጥ ሕክምናና በመሣሪያ ድጋፍ እንዲመለስ የሚያደርግ የጤና ሙያ ነው። ስብራቱ የተጠገነለት አርሶ አደር ወደ እርሻው፣ በስትሮክ ግማሽ አካሏ የዛለባት እናት ወደ ጓዳዋ ሥራ የሚመለሱት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሕክምና ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋና ቆላ ለሚኖረው ሕዝብ ባለሙያው በቅርብ መገኘቱ ትርጉሙ ከፍ ያለ ነው። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነት የደረሰባት ነፋስ መውጫም በዚሁ አካባቢ ትገኛለች።

ሙያውን በሀገር ውስጥ መማር ይቻላል። ከአካባቢው ብዙም በማይርቀው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ክፍል አለ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2017 ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በጀመረው የአሥር ዓመት ትብብር መምህራኑ በካናዳ በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ እንዲሠለጥኑ ተደርጓል። ስለዚህ አመልካቹ በቅድሚያ የመጀመሪያ ዲግሪን በሀገር ውስጥ፣ ከፍተኛውን ዲግሪ ደግሞ በውጭ መማር ይሻለው እንደሆነ ሊያመዛዝን ይገባል።

የውጭ ትምህርት ፍጻሜው ዲግሪ መቀበል ብቻ አይደለም፤ ዲግሪው በሀገር ውስጥ ሊታወቅና ሊያሠራ ይገባል። ይህ አሠራር ለአካባቢው ሕዝብ እንግዳ አይሆንም። በአብነት ትምህርት ሥርዓት ድጓን በየትኛውም ደብር የተማረ ደቀ መዝሙር ቤተ ልሔም ገብቶ ዕውቀቱን ያስመሰክራል፤ መምህርነቱም በዚያ ምስክርነት ይጸናል። በውጭ ሀገር የተማረ የጤና ባለሙያም እንዲሁ በሀገሩ ሕግ መሠረት ማስረጃውን አስመርምሮ ነው ወደ ሥራ የሚገባው።

ዕድሉ የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውን ስለ መለየት

ነፃ የትምህርት ዕድል ተብሎ የሚጠራው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የቱርክ መንግሥት ዕድል የትምህርት ክፍያን፣ ወርኃዊ አበልን፣ መኖሪያን፣ የጤና መድንን፣ የአንድ ዓመት የቱርክኛ ቋንቋ ትምህርትንና የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬትን ይሸፍናል። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያመለክቱት ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ናቸው። የሀንጋሪ መንግሥት ዕድል ከትምህርት ክፍያ ነፃ ያደርጋል፤ አበል፣ የመኖሪያ ድጋፍና የጤና መድንም ይሰጣል፤ የጉዞ ወጪን ግን አይሸፍንም። የሕንድ መንግሥት በባህል ግንኙነት ምክር ቤቱ በኩል የሚሰጠው ዕድል በበኩሉ ፊዚዮቴራፒን ከማያካትታቸው የትምህርት መስኮች አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። ስለሆነም አመልካቹ የዓመቱን መመሪያ በሙሉ ማንበብ፣ በተለይም የሙያው ስም በመስኮች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ከማመልከት በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው ጉዳዮች

1. ዩኒቨርሲቲውና የፊዚዮቴራፒ ፕሮግራሙ በሀገሩ የትምህርት ተቆጣጣሪ አካል ዕውቅና ያላቸው መሆኑ፤
2. ፕሮግራሙ ሙሉ የዲግሪ ትምህርት እንጂ የአጭር ጊዜ የማሳጅ ወይም የስፖርት ሥልጠና አለመሆኑ፤
3. በሆስፒታል የሚሰጥ የተግባር ልምምድ ያለውና የልምምዱ ሰዓት በውጤት ማስረጃው ላይ የሚመዘገብ መሆኑ፤
4. ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥ እንኳ ታካሚዎች የሚናገሩት የሀገሩን ቋንቋ ስለሆነ፣ የቋንቋ ትምህርት የተመቻቸ መሆኑ።

ከላይ የተጠቀሱት የቱርክና የሀንጋሪ ዕድሎች የማመልከቻ ክፍያ የላቸውም። «ስምህን አስገባልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲያጋጥም ወላጆች ከብት ከመሸጣቸው ወይም ከመበደራቸው በፊት ጉዳዩን ከዕድሉ ሰጪ ሀገር ኤምባሲ ማጣራት ይገባቸዋል።

የሰነድ ዝግጅት

አመልካቹ የታደሰ ፓስፖርት፣ የ12ኛ ክፍል ማስረጃ፣ የትምህርት ውጤት መግለጫና የልደት ምስክር ወረቀት አስቀድሞ ሊያዘጋጅ ይገባል። በሁሉም ሰነዶች ላይ የስም አጻጻፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ በአንዲት ፊደል ልዩነት ጉዳዩ ሊጓተት ይችላል። ማስረጃዎች በሚመለከታቸው የትምህርት ተቋማት ከተረጋገጡ በኋላ፣ ለውጭ ሀገር አገልግሎት እንዲውሉ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣሉ፤ እንደ ሀገሩ ሁኔታም ኤምባሲው ማኅተሙን ያኖርባቸዋል። ይህ ሂደት ጊዜ ስለሚወስድ ከገጠር ወረዳ የሚመጡ አመልካቾች ማመልከቻው እስኪከፈት ሳይጠብቁ እንዲጀምሩ ይመከራል።

ትምህርቱ ሲጠናቀቅ

ተመራቂው ዲግሪውንና ዝርዝር የውጤት ማስረጃውን ከሀገሩ ሳይወጣ በሚመለከተው አካልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ማስረገጥ ይገባዋል፤ ከተመለሱ በኋላ የጎደለ ማኅተም ማሟላት አስቸጋሪ ነውና። የሥርዓተ ትምህርቱን ዝርዝርና የተግባር ልምምድ መዝገቡንም አብሮ ይይዛል። ወደ ሀገር ሲመለስ ማስረጃውን ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቅርቦ የአቻ ግመታ ያገኛል። ቀጥሎም ሙያው የሚጠይቀውን መስፈርት አሟልቶ ከጤና ሚኒስቴር ወይም ከክልሉ ጤና ቢሮ የሙያ ፈቃድ ያወጣል። ያለ ፈቃድ ታካሚን ማከም በሕግ ያስጠይቃል።

ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልጉ ዜጎች በቅድሚያ የወረዳቸውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የሙያ ፈቃድን በሚመለከት ደግሞ የክልሉን ጤና ቢሮ መጠየቅ ይችላሉ።