የፍሎይድ ሜይዌዘር የቦክስ ስልትና ዝና

ፍሎይድ ሜይዌዘር ጁኒየር (እ.ኤ.አ. 1977 ግራንድ ራፒድስ፣ ሚሺጋን ተወለደ) አሜሪካዊ ቦክሰኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ያደረጋቸውን 50 የፕሮፌሽናል ግጥሚያዎች ሁሉንም አሸንፏል፤ ከእነዚህ 27ቱን የተመደበው ዙር ሳያልቅ ጨርሷቸዋል። በአምስት የክብደት ምድቦች የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ይሁን እንጂ የቦክስ ወዳጆች ስለ እርሱ አይስማሙም። አንዳንዶቹ በመከላከል ጥበብ የሚስተካከለው የለም ሲሉ፣ ሌሎቹ ይሸሻል እንጂ አይዋጋም ይላሉ። በክርክሩ ሦስት ጥያቄዎች ተቀላቅለው ይነሳሉ፦ ስልቱ፣ የተጋጣሚዎቹ ምርጫና ጠባዩ።

ስልት

ሜይዌዘር የግራ ትከሻውን ከፍ አድርጎ አገጩን ይሸፍናል፤ ግራ እጁን ወደ ወገቡ ዝቅ ያደርጋል፤ ቀኝ እጁን ከጉንጩ አጠገብ ይይዛል። የተጋጣሚው ቡጢ ሲመጣ ትከሻውን አዙሮ ያሳልፈውና ወዲያው በቀኙ ይመልሳል። ያሠለጠኑት አባቱና አጎቱ ሮጀር ራሳቸው ቦክሰኞች ነበሩ። በወጣትነቱ ይበልጥ አጥቂ የነበረ ሲሆን፣ የክብደት ምድቡ እየጨመረና እጆቹ በተደጋጋሚ እየተጎዱ ሲሄዱ ጥንቃቄው በዛ።

ዳኞች በየዙሩ ለአሸናፊው 10፣ ለተሸናፊው ብዙውን ጊዜ 9 ነጥብ ይሰጣሉ። የሚመዝኑትም በትክክል ያረፈ ቡጢን፣ ውጤት ያለው ማጥቃትን፣ መድረኩን መቆጣጠርንና መከላከልን ነው። ስለዚህ ወደ ፊት መግፋት ብቻውን ነጥብ አያስገኝም። እ.ኤ.አ. 2015 ከፊሊፒናዊው ማኒ ፓኪያዎ ጋር ባደረገው ግጥሚያ፣ በኮምፒዩቦክስ ቆጠራ መሠረት ሜይዌዘር 435 ቡጢ ሰንዝሮ 148፣ ፓኪያዎ 429 ሰንዝሮ 81 አሳርፈዋል። ሦስቱም ዳኞች ለሜይዌዘር ፈረዱ፤ ብዙ ተመልካች ግን ግጥሚያው አሰልቺ ነበር አለ።

ተጋጣሚዎች

ተቺዎች ከፓኪያዎ ጋር የተገናኘው ዘግይቶ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. 2009 የተጀመረው ድርድር በመድኃኒት ምርመራ አለመግባባት ፈርሶ፣ ሲጋጠሙ ሜይዌዘር 38፣ ፓኪያዎ 36 ዓመት ሆኗቸው ነበር። እ.ኤ.አ. 2002 በሆሴ ሉዊስ ካስቲዮ ላይ ያገኘው የነጥብ ድል እስካሁን ያከራክራል፤ በዚያው ዓመት በመልሱ ግጥሚያም አሸንፎታል። የሮኪ ማርሲያኖን የ49 ድል ክብረ ወሰን ያለፈው ደግሞ የፕሮፌሽናል ቦክስ ልምድ ያልነበረውን ኮኖር ማክግሪገርን እ.ኤ.አ. 2017 በ10ኛው ዙር በማሸነፍ ነው። በዚህ ምክንያት 50ኛውን ድል ከሌሎቹ እኩል የማይቆጥሩት አሉ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ኦስካር ዴ ላ ሆያንና ካኔሎ አልቫሬዝን ማሸነፉን ያነሳሉ።

ዝና

ሜይዌዘር «መኒ» (ገንዘብ) በሚል ቅጽል ስም ሀብቱን በአደባባይ ያሳያል። ብዙዎች ሲሸነፍ ለማየት ከፍለዋል፤ ይህም ገቢውን አሳደገለት። ከዚህ የሚከብደው የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፦ እ.ኤ.አ. 2012 የልጆቹን እናት በመደብደብ ተፈርዶበት ሁለት ወር ያህል ታስሯል። አንዳንድ ተመልካቾች በዚህ ምክንያት ችሎታውን እያመኑ ሊያደንቁት አይፈልጉም። ዓለም አቀፉ የቦክስ የክብር አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራጮች ውስጥ አካቶታል።