ሕመም የምንለው የቱን ነው? ፍልስፍናና የአእምሮ ሕክምና ከመተማ ሲታዩ

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በድንበር ከተማዋ በመተማ ዮሐንስ በኩል ሱዳናውያንና ከስደት ተመላሽ ወገኖቻችን በብዛት ገብተዋል። ቤቱን ጥሎ፣ ዘመዱን ቀብሮ የመጣ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ ታመመ እንበል ወይስ አዘነ? ጥያቄውን የሐኪም መጻሕፍት ብቻቸውን አይመልሱትም።

ጀርመናዊው ሐኪምና ፈላስፋ ካርል ያስፐርስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ የአእምሮ ሐኪም ሁለት ሥራ እንዳለበት አስተምሯል፤ የሕመሙን መንስኤ በሳይንስ ማስረዳትና የታማሚውን ስሜት ከውስጥ ሆኖ መረዳት። የአእምሮ ሐኪሙ ቶማስ ሳስ እ.ኤ.አ. በ1961 የአእምሮ ሕመም ተረት ነው ብሎ ተነሣ፤ በሰንሰለት ታስሮ ለሚውል ሰው ግን ይህ ምን ይረባዋል?

እኔን የሚይዘኝ ግን ሰው ላይ ይወርዳል ስለሚባለው መንፈስ፣ ስለ ዛር፣ የሚደረገው ክርክር ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊና የባህል አጥኚ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ከመተማ ማዶ ባለችው ገላባት በኩል ገብቶ ጎንደር ውስጥ ከባለዛሮች ጋር ወራት ቆየ። ዛር የወረደበት ሰው ያስመስላል ወይስ እውነቱን ነው? ሌሪስ በ1958 ባሳተመው ሥራው፣ ሰው እየኖረው የሚጫወተው ትያትር ነው አለ። በዚያው ዓመት አንትሮፖሎጂስቱ ሳይመን ሜሲንግ የዛርን ማኅበር እንደ ቡድን ሕክምና አየው። ቤተ ክርስቲያን ርኩስ መንፈስ ትለዋለች፤ መድኃኒቱም ጸሎትና ጠበል ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ1994 መመሪያው ዛርን ከባህል ጋር በተያያዙ ሕመሞች ተርታ አስገብቶ፣ በአካባቢው ሰዎች ዘንድ እንደ ሕመም እንደማይቆጠር ጨመረበት። ታዲያ ሕመም ነው የሚለው ማን ነው? የአእምሮ ሐኪሙና አንትሮፖሎጂስቱ አርተር ክላይንማን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1977፣ በአንድ ባህል የተቀረጸን የሕመም ስም በሌላው ላይ መጫን ስሕተት እንደሆነ አስጠንቅቆ ነበር።

ማስጠንቀቂያው ትክክል ነው፤ ግን ቆላ ላይ ብቻውን ሰው ይገድላል። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ ሲቃዥና ሲለፈልፍ መንፈስ ያዘው ይባል ይሆናል፤ ወባ አንጎሉ ላይ ወጥቶም ይሆናል። ስለዚህ የደም ምርመራው ይቅደም። ደሙ ንጹሕ ከሆነ ግን የያስፐርስ ሁለተኛ ሥራ ይጀምራል።

አገራችን ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን የአእምሮ ሕመም እንዲያክሙ ስታሠለጥን ቆይታለች። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። የምልክት ዝርዝር መሙላት ግን መረዳትን አይተካም። «ምን ሆንኩ ይላሉ? ከምን የመጣ ይመስልዎታል?» ብሎ ጠይቆ መልሱን እስከ መጨረሻው መስማት መድኃኒት አያስገዛም፤ ለሱዳናዊው አስተርጓሚ ብቻ ይፈልጋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆይ፣ ወደ ቆላ የምትልኳቸውን ተማሪዎች ያስፐርስንና ሌሪስን አስነብቧቸው።