ኤክሴል ላይ የሚታየው ቁጥርና ውስጥ ያለው ቁጥር

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ኤክሴል ነው። «እኛ ኮምፒውተር የለንም፣ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ግን የሁላችንም ውጤት የሚገባው ሮስተር ላይ ነው፤ ሮስተር ደግሞ አሁን በብዙ ቦታ በኤክሴል ነው የሚሠራው። ስለዚህ እኛንም ይመለከታል።

ኤክሴል ላይ እያንዳንዷ ትንሽ ሳጥን ሴል ትባላለች። ሴሏ ውስጥ ያለው ቁጥርና ዓይናችን የሚያየው ቁጥር ግን ሊለያዩ ይችላሉ። ቁጥሩ እንዴት እንደሚታይ የሚወስነው ፎርማት ይባላል። ፎርማት ልክ እንደ ልብስ ነው። አንድ ተማሪ ዩኒፎርም ቢለብስም የቤት ልብስ ቢለብስም ያው ልጁ ነው አይደል? 12500 የሚለውን ቁጥር የገንዘብ ፎርማት ብናለብሰው 12,500.00 ሆኖ ይታያል፤ ብሩ ግን አንድ ሳንቲም አልጨመረም።

አሁን ወደ ደረጃ እንምጣ፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነዋ! ዘጠኝ ትምህርት አለ እንበል። የአንዷ ተማሪ ድምር 765 ነው፣ የሌላው ልጅ ደግሞ 764። ለዘጠኝ ሲካፈል የእሷ አማካይ ልክ 85 ነው፤ የእሱ ግን 84.888 እያለ የማያልቅ ነው። ሴሉ ከነጥብ በኋላ ምንም እንዳያሳይ ፎርማት ከተደረገ ሁለቱም 85 ሆነው ይታያሉ። ደረጃ የሚያወጣው ፎርሙላ ግን ልብሱን አያይም፣ ውስጡን ነው የሚያየው። ስለዚህ እሷን 4ኛ፣ እሱን 5ኛ ያደርጋል። ልጁም ካርዱን ይዞ «እኩል 85 አምጥተን እንዴት በለጠችኝ?» ይላል። መምህሩ እኮ አላዳሉም! ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ቢታይ ኖሮ 85.00 እና 84.89 ተብሎ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ከዚህ የሚብሰው 50 ላይ ነው። ድምሩ 447 የሆነ ተማሪ አማካዩ 49.67 ገደማ ነው። ወረቀቱ ላይ 50 ሆኖ ይታያል፤ አጠገቡ ያለው ሴል ግን «ወድቋል» ይላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ማንን ይመን? በእኔ አስተያየት የአማካይ ሴል ሁልጊዜ ሁለት አሃዝ ማሳየት አለበት።

ስልክ ቁጥር ላይ ደግሞ ነገሩ ከልብስም ያልፋል። የኢትዮ ቴሌኮም ሞባይል በ09፣ የሳፋሪኮም በ07፣ የእኛ የሶዶ የመስመር ስልክ በ046 ይጀምራል። ኤክሴል ግን ቁጥር መስሎት የፊቷን ዜሮ ይጥላታል፤ ለሒሳብ ከፊት ያለች ዜሮ ዋጋ የላትማ። (ይህችን መጽሔት በእጃችን ስለምንጽፍ እኛ 09 ካልን 09 ነው። እስክሪብቶ ዜሮ አይጥልም።) መፍትሔው ከመጻፍ በፊት ሴሉን ቴክስት የሚባለው ፎርማት ላይ ማድረግ ነው። «ከመጻፍ በፊት» የምትለዋን ልብ በሉ። ኤክሴል ከአንድ ቁጥር ውስጥ የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው። የፋይዳ ካርድ ላይ ያለውን 16 አሃዝ እንደ ቁጥር ብትጽፉት የመጨረሻዋ አሃዝ 0 ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ቴክስት ብታደርጉትም የጠፋችው አሃዝ አትመለስም፤ እንደገና መጻፍ ነው።

ሴሉ ##### ካሳያችሁ ግን አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ኮለሙ ጠቦ ነው፣ ሰፋ ስታደርጉት ቁጥሩ ይወጣል።

የመጨረሻው የቀን ጉዳይ ነው። ኤክሴል ቀንን የሚያውቀው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ውስጥ ውስጡን ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ እየቆጠረ እንደ ቁጥር ያስቀምጠዋል። ጥቅምት 30 ቀን 2004 የተወለደ ልጅ 30/2/2004 ተብሎ ቢጻፍ፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ቀን ነው ብሎ አይቀበለውም። ጥቅምት 12 የተወለደውን ግን ዝም ብሎ የፈረንጅ ቀን ያደርገዋል። ከዚያ በዕድሜ ቅደም ተከተል አስቀምጥ ሲባል ሁሉም ይደበላለቃል። ስለዚህ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ሴል ለያይቶ መጻፍ ይሻላል። ጳጉሜ የተወለዳችሁማ ተጠንቀቁ! 13ኛ ወር የሚባል ነገር እሱ ዘንድ የለም፤ 3/13/2004 ብትሉት የማርች ልጅ ሊያደርጋችሁ ይችላል።