በራችንን የምታንኳኳዋ ልጅ እንዳትሄድብን

ምራቴ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ከሁሩታ ወጣ ባለችው ቀበሌያችን የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጭቃውን እያቋረጠች ቤታችን ትመጣ ነበር። የምራቴን ፊትና እግር ማበጥ አይታ፣ «እማማ፣ ይሄ ዝም የሚባል አይደለም» ብላ ወደ ጤና ጣቢያ የላከችን እሷ ናት። ዛሬ የልጅ ልጄ ደጃፌ ላይ ይሯሯጣል።

አንድ ቀን ታዲያ ቡና እየጠጣን «ሥራውን ልለቅ ነው» አለችኝ። ደነገጥኩ። «በደመወዙ ነው?» ብላት፣ «እሱም አለ። የባሰው ግን አለቃዬ ነው፤ የሚመጣው ሪፖርት ሊጠይቅና ሊቆጣ ብቻ ነው» አለች።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር፣ 1 ዓመት የሠለጠኑ 2 ሴቶች በአንድ የገጠር ቀበሌ ቤት ለቤት እንዲሠሩ ታስቦ ነው። አንዷ ስትሄድ ሥራው ሁሉ በቀሪዋ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ምትክ ብትመጣም ሰዉ ምስጢሩን ወዲያው አይነግራትም።

ደግነቱ ሱፐርቫይዘሩ ተቀየረ። አዲሱ አብሯት ቤት ለቤት ዞረ። የጎደለውን መድኃኒት ተከታትሎ አስመጣ። ሰፈሮቹን ከባልደረባዋ ጋር አካፈላቸው፤ የዓመት ፈቃዷንም በጊዜው ሰጣት። ስትሳሳት ለብቻዋ ይነግራታል፤ ስትሠራ በሰው ፊት ያመሰግናታል። ደመወዟ ያው ነው፤ እሷ ግን አልሄደችም።

እኛ ወላጆችና አያቶችም ድርሻ አለን። በቀበሌ ስብሰባ ስለ እነዚህ ልጆች ስንጠየቅ፣ ያጠፉትን ብቻ ሳይሆን የጎደላቸውንም እንናገር።

ባለፈው የልጅ ልጄን ለክትባት ወስጄው ነበር። ገና በሩ ላይ ስንደርስ በስሙ ጠራችው።