ያውቁ ኖሯል? የጣና ደሴቶች ጉድ!

ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ቢባሉ ያምናሉ? አብዛኞቹ ጥቃቅን ናቸው፤ ዛፍ ለብሰው ከውሃው ብቅ ያሉ!

ሐይቁ የተኛው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው! ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህላል። ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም!

የጎንደርን ግንብ ያሠሩት ዐፄ ፋሲለደስ የት ያረፉ ይመስልዎታል? ጎንደር? የለም! በደን የተሸፈነችው ዳጋ እስጢፋኖስ ናት አፅማቸውን የያዘችው! ብቻቸውንም አይደሉም፤ ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዓ ያዕቆብና ዘድንግልም እዚያው አሉ። አምስት ነገሥታት በአንዲት ትንሽ ደሴት!

እዚያው ዳጋ ላይ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፍሬ ጽዮን የተባለ ሠዓሊ የሣላት የእመቤታችን ሥዕል አለች!

የክብራን ገብርኤል ገዳም ከባሕር ዳር ቅርብ ነው፤ ሴት ግን አይገባበትም! አጠገቡ ያለው እንጦንስ ደግሞ በአንድ ወቅት የሴት መነኮሳት ገዳም ነበር!

ታቦተ ጽዮን አክሱም ሳትገባ በፊት 800 ዓመት የተቀመጠችው ጣና ቂርቆስ ነው ይላሉ የገዳሙ አባቶች!

ወደ ደሴቶቹ ሰው ያሻገረችው የደንገል ታንኳ አንድም ሚስማር የለባትም! ጉዞዋን ስትጨርስ ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ያሞቋታል።

በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ 15 ያህል የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ! ከታች ያሉት የዓባይ ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ መንገዱን ዘግቶባቸዋል!

ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በአባቶች ቃል ክልክል ነው! ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር የሚያድገውም ለዚህ ነው።

ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል!

ደብረ ማርቆስ ነዎት? እንግዲያውስ ይህን ይስሙ! ግልገል ዓባይ ከጎጃም፣ ከሰከላ ይነሣል፤ ጣና ይገባል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በሦስት በኩል ይከብባል! ወደ ምሥራቅ ቢሄዱ ዓባይ፣ ወደ ደቡብ ቢሄዱ ዓባይ!

ደግሞ ደሴት ለማየት ሐይቅ መሻገር አይጠበቅብዎትም! በሰሜን ኢትዮጵያ በሺህዎች የሚቆጠሩ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያቸውን በደን ታጥረዋል። ከአውሮፕላን ሲያዩዋቸው በታረሰ መሬት መካከል የተበተኑ ክብ አረንጓዴ ደሴቶች ናቸው! ምናልባት አንዱ የእርስዎ ደብር ነው፤ ዛፎቹን ይጠብቁልን!